ፍሬን የሠራ ቁልቁለቱን ይውረድ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ናሆም አዲስ የገዛትን አሮጌ መኪና ሊያሳየኝ ግቢ ድረስ ይዟት መጣ። ገብቼ ከመሪው ኋላ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ንጹሕ ነው፤ የሞተሩም ድምፅ ደህና ነው። ከመሪው ፊት ካሉት ምልክቶች በአንዱ ላይ ግን የጥፍር ያህል ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ኧረ ተወው አባዬ፣ የኤቢኤስ መብራት ናት። አንዳንዴ ትበራለች፣ አንዳንዴ ትጠፋለች። የሸጠልኝ ሰውዬ ምንም አይደለም ብሎኛል። ዓይኔን ስትረብሸኝ ሸፈንኳት።"

ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩት። ቢጫዋ መብራት ፊት ለፊቴ በራች፤ ሦስት የፈረንጅ ፊደል። ልጄ የተቆጣሁ መሰለው። ተቆጥቻለሁም፤ ማስጠንቀቂያን በፕላስተር የሚሸፍን ሰው ነገ ሕሊናውንም ይሸፍናል ብዬ ነገርኩት። ከቁጣው ሥር ያለውን ግን አልነገርኩትም። እነዚያን ሦስት ፊደላት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ዛሬ እሱ ባለበት ዕድሜ ሳለሁ ነው። በዚያን ቀን ማታ ቤቴ እንደምገባ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ያኔ የምሠራው እዚሁ ጉለሌ፣ ከቁስቋም የሚወርደው መንገድ ከሚያልቅበት አጠገብ በነበረችው የጋሽ ወርቁ ጋራዥ ነው። ጋሽ ወርቁ ሙያውን በእጃቸው እንጂ በትምህርት ቤት ያላገኙ፣ ንግግራቸው አጭር፣ መዳፋቸው እንደ ሞረድ የሻከረ ሰው ነበሩ። አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው። ፍሬን የሠራ ሰው መኪናዋን ይዞ ቁስቋም ይወጣል፤ ከዚያ ራሱ እየነዳ ቁልቁለቱን ይወርዳል። እሳቸው ከጎኑ ይቀመጣሉ። "ባለመኪናው ከሚሞት እኔና አንተ እንሙት" ይሉ ነበር፤ ቀልድ አልነበረም። ስንወርድ አንዳንዴ ዓይኔን ወደ እግራቸው እወረውራለሁ። ፊታቸው እንደ ድንጋይ ጸጥ ብሎ ቀኝ እግራቸው ፔዳል የሌለበትን ወለል ይረግጣል። በሰው ሥራ የሚያምን ሰው እንኳ እግሩ አያምንም።

ዘመኑ ደርግ ወደ ማብቂያው የተጠጋበት ነበር፤ መጠጋቱን ግን ማናችንም አናውቅም። ዕቃ የለም። የፍሬን ዘይት የተገኘ እንደሆነ ከሌባም ከወዳጅም ይደበቃል። ከዕቃው እጦት የሚከፋው ግን አንዲት ቃል ነበረች፦ አሻጥር። ማሽን ቢሰበር አሻጥር ነው፤ መጋዘን ውስጥ እህል ቢነቅዝ አሻጥር ነው። ታላቅ ወንድሜ ልጅ ሳለሁ "ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ" ተብሎ ከምሳ ገበታ ተነሥቶ ወጣ፤ እናቴ ምሳውን ከድና አስቀመጠችለት፤ አልተመለሰም። በዚያ ላይ የምናመልክበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ ስለነበር የምንጸልየው ቤታችን ውስጥ፣ መስኮት ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር። እኔ እንግዲህ በሁለት በኩል ፈሪ ሆኜ ነው ያደግሁት።

ነሐሴ ነበር። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ አባርቶ ከእንጦጦ የሚወርደው ጭጋግ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ግቢውን ሞልቶታል። ከበሩ ማዶ አንዲት ሴት እሸት በቆሎ ትጠብሳለች። አንዲት ጥቁር የጀርመን መኪና እንደ ሽማግሌ እየተጎተተች ገባች። ቀኝ ጎኗ ከፊት እስከ ኋላ ተልጧል። አውቃታለሁ። አንድ ዲፕሎማት ነድቷት ሲሰለቻት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላለፈች ናት፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ታምሩ ይሄዱባታል። ክረምቱ ሲገባ የፍሬኗን ሸራ የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ከጋሽ ወርቁም ጋር ቁልቁለቱን ወርጄባታለሁ።

ጓድ ታምሩ ግንባራቸው ላይ ደም የነካው መሐረብ ይዘው ወረዱ። ከኋላቸው ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ፣ ከመሪው በኩል ሹፌሩ ደምሴ ወረዱ። የደምሴ ከንፈር ነጭ ሆኗል።

"ከቤቴ ወጥተን እዚሁ የቁስቋም ቁልቁለት መሀል ላይ ፍሬኑ ጠፋ" አሉ ጓድ ታምሩ። "ይሄ ልጅ ከግንብ ጋር እያፋተገ ባያቆማት ኖሮ ይሄኔ ሬሳዬን ነበር የምታነሡት።"

ጋሽ ወርቁ ገብተው ፔዳሉን ረገጡ። ደግመው ረገጡ። ጠንካራ ነው።

"ጓድ፣ ይይዛል እኮ።"

"እሱን ነው የምልህ! አሁን ይይዛል። እኔ ስቀመጥባት ነው የማይይዘው? መኪናዋ እኔን ለይታ ታውቀኛለች?"

ወደ ሁላችንም ዞሩ።

"ይህን ፍሬን መጨረሻ የነካው ማነው?"

ጋሽ ወርቁ ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ለእኔ ብለው እንደሆነ ገባኝ። እናቴ ያስተማረችኝ አንድ ነገር ቢኖር ግን በሌላ ሰው ዝምታ ጀርባ አለመደበቅ ነው።

"እኔ ነኝ ጓድ።"

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። ችግሩ ምን እንደሆነ ትነግሩኛላችሁ። ካልነገራችሁኝ ስሙን እኔ እነግራችኋለሁ፤ አሻጥር ይባላል።"

በሌላ መኪና ሄዱ። ጠባቂው ቀረ። በሩ ላይ የወደቀ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመና በቆሎ አስጠበሰ።

የብሎን ቁልፍ አነሣሁ፤ ወደቀብኝ። አነሣሁት፤ እንደገና ወደቀ። ጋሽ ወርቁ ቁልፉን አንሥተው መዳፌ ላይ አኖሩና ጣቶቼን በጣቶቻቸው ጨብጠው ዘጉልኝ። "መፍራት ትችላለህ" አሉኝ፤ "መቸኮል ግን አትችልም።" ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ሳስታውሰው ኖሬአለሁ።

የመኪናዋን ቁልፍ አዙረን ሞተሩን ስናስነሣ ሦስቱ ፊደላት በሩ፤ አልጠፉምም።

"ይኸው" አሉ ጋሽ ወርቁ። "የማናውቃት ነገር ይቺ ናት። የእሷን የኤሌክትሪክ ሣጥን ፈትተን እናውጣት።"

ስለዚህች ነገር ግን ትንሽ አንብቤ ነበር። ያኔ ባለሱቁ ስኳር የሚጠቀልልልን በአሮጌ የውጭ መጽሔት ገጽ ነው፤ መኪና ያለበትን ገጽ እያጸዳሁ አስቀምጣለሁ፤ መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል እፈታዋለሁ። እንደዚያ ነው የተማርኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። መንገድ ሲረጥብ ፍሬን በኃይል ከተረገጠ ጎማው መዞሩን ያቆምና መኪናዋ ትንሸራተታለች። ኤቢኤስ ጎማው ሊቆም ሲል ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረገ መዞሩን እንዳያቆም ይከላከላል። በየጎማው ሥር መዞሩን የምታዳምጥ ትንሽ ማግኔት አለች። ከእነሱ አንዷ ብትታመም መብራቷ ትበራለች፤ "እኔ ተኝቻለሁ፣ በድሮው ፍሬን ንዱ" ማለቷ ነው።

"እንግዲያው ጋሽ ወርቁ፣ እሷ ብትተኛም ፍሬኑ አይጠፋም" አልኳቸው። "መብራቱ ሌላ በሽታ ነው፤ የጠፋው ፍሬን ሌላ በሽታ።"

"የስኳሩ ወረቀት ላይ እንደዚያ ይላል?"

"ይላል።"

ጋሽ ወርቁ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። "ስኳሩ ከዋሸ ሁለታችንም አለቀልን። በል ክሪኩን አምጣ።"

የፊቷን ቀኝ ጎማ አንሥተን ፈታነው። ከማግኔቷ የሚወጣውን ሽቦ በጣቴ ተከተልኩ። መሀል ላይ ተበጥሷል። የተበጠሰበት ቦታ ላይ ቀይ አፈር ተለጥፎ፣ በአፈሩ ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የጭራሮ ስባሪ ተጠቅጥቋል። አጠገቡ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ጎማ ቱቦ አለ፤ የመገጣጠሚያው ብሎን በቁልፍ የተነካ አዲስ ጭረት አለበት። እኔ አልነካሁትም። ከኃላፊው ቤት እስከ መሥሪያ ቤታቸው ደግሞ መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው። ጉቶ የለም፤ ጫካ የለም።

ቀና ብዬ ደምሴን አየሁት። ፊቱን አዞረ።

ምሳ ሰዓት ሆነ። እናቴ የቋጠረችልኝን ሽሮ ፍትፍት ከፈትኩት፤ አንድ ጉርሻ አፌ ውስጥ ገብታ እንደ አሸዋ ሆነችብኝ። ወንድሜ ትቶት የተነሣው ምሳ ነበር የታየኝ። ጠባቂው ከበሩ ላይ ጮኸብኝ፦

"አንተ፣ ብላ እንጂ! በባዶ ሆድ አይኬድም!"

ወዴት እንደሚኬድ አልጠየቅሁትም። ክፉ ሰው አይመስለኝም ነበር፤ የበቆሎውን እኩሌታ ለደምሴ ቆርሶ ሰጥቶታል።

ከምሳ በኋላ ከዚያው ጎማ በኩል ጥቂት የፍሬን ዘይት በቆርቆሮ ክዳን ቀዳሁ። ደፍርሷል። በጣቶቼ መሀል አሸሁት፤ ቀጥኗል፤ አያሟልጭም። ጋሽ ወርቁ ሻይ የሚያፈሉበትን የላምባ ምድጃ ለኮስን። በአንድ ክዳን ከመኪናዋ የቀዳሁትን፣ በሌላው ጋሽ ወርቁ ከደበቋት የመጨረሻ ጣሳ ላይ ትንሽ ንጹሕ ዘይት አድርገን በየተራ እሳቱ ላይ ያዝናቸው። ንጹሑ ጸጥ ብሎ ሞቀ። የመኪናዋ ግን ወዲያው ተንጣጣ፤ አረፋ ደፈቀ፤ እንደ ቆሎ እየዘለለ እጄን አቃጠለኝ።

"ውሃ!" አሉ ጋሽ ወርቁ።

ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ፍሬን የሚይዘው ዘይት ስለማይጨመቅ ነው፤ እግር የረገጠው ጎማው ድረስ ይደርሳል። ቁልቁለት ሲወረድ ፍሬኑ ይግላል፤ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ካለ ይፈላል፤ ይተናል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። እግርህ እንፋሎት ይረግጣል፤ ጎማው ምንም አይሰማም። መኪናዋ ቆማ ስትቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ፔዳሉም ጠንክሮ ይጠብቅሃል። ለዚህ ነው ጋራዥ ውስጥ ደህና፣ ቁልቁለት ላይ ገዳይ የሆነችው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዳሩ ግን ውሃ በራሱ እግር ሄዶ ፍሬን ውስጥ አይገባም። ቀጣዩ ጥያቄ "ማን ጨመረው?" ነው።

ደምሴ እጄን ይዞ ከአሮጌ ጎማዎቹ ክምር ጀርባ ወሰደኝ።

"ኤልያስ፣ እናቴ ታማለች" አለኝ። "ሐኪም ቤት መልሷታል። እሑድ ማለዳ ሰውዬው ሳይነሡ እንጦጦ ማርያም ጸበል አደርሳታለሁ። ታርጋው እንዳይታይ መኪናዋን ባሕር ዛፉ መሀል አስገብቼ አቆማለሁ። አንድ እሑድ ጉቶ መታኝ። ቢጫዋ መብራት በራች፤ ዘይትም መንጠብጠብ ጀመረ። ብሎኑን ባጠብቀውም ወዲያው አልቆመም። ዘይቱም ወርዷል፤ ሌላ ዘይት ከየት ላምጣ? ያለኝ ለእናቴ የቀዳሁት ጀሪካን ጸበል ነው። ማንጠብጠቡ እስኪቆም ፔዳሉን እየረገጥኩ፣ ብሎኑን እያጠበቅሁ ጨመርኩበት።"

"ጸበል ለሰው ነው ወይስ ለፍሬን?"

"ክፉ አያደርግም ብዬ ነዋ! አንተ ጴንጤ ነህ፤ ይሄ አይገባህም።"

"ውሃ እንደሚፈላ ይገባኛል።"

"ይሄ እኮ የተባረከ ነው።"

"ተባርኮም ይፈላል፣ ደሜ።"

መሬት ላይ ቁጢጥ አለ። የመንግሥት መኪና፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ውሃ በባለሥልጣን ፍሬን ውስጥ፤ ሦስቱን በአንድ መስመር ብታስቀምጣቸው ለእናቴ ብዬ ነው ቢል ማን ይሰማዋል?

"ትነግራቸዋለህ?"

"ቀድሜህ አልናገርም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።"

"ይገድሉኛል።"

"እኔንስ?"

ብዙ ሰው ፍርሃት ሐሰተኛ ያደርጋል ይላል። እኔ ያን ቀን ያየሁት ፍርሃት ሰውን ብቻውን እንደሚያደርገው ነው። እኔና ደምሴ እዚያ ጎማ ጀርባ ተጠጋግተን ቆመን፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን እናት ብቻ ነበር የምናስበው።

ሥራውን ጨረስን። አሮጌውን ዘይት ከአራቱም ጎማ አውጥተን በጋሽ ወርቁ የመጨረሻ ጣሳ ዘይት ሞላናት፤ የተበጠሰውን ሽቦ ቀጥዬ በጥቁር ፕላስተር ጠቀለልኩት። ሞተሩ ሲነሣ ሦስቱ ፊደላት ጥቂት በርተው ጠፉ።

ጓድ ታምሩ በተባለው ሰዓት መጡ። ምድጃውን ለኩሼ ሁለቱን ክዳኖች አሳየኋቸው። አንዱ ጸጥ ሲል፣ አንዱ ሲንጣጣ ጎንበስ ብለው አዩ።

"ውሃው እንዴት ገባ?"

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር ዛሬም አላውቅም፤ ደምሴ ቀደመኝ።

"እኔ ነኝ ጓድ። ዘይቱ ጎድሎብኝ ነው።"

"የምን ውሃ ጨመርክ?"

የበቆሎዋ ሴት ከሰል ስታራግብ ይሰማል።

"ጸበል።"

ጠባቂው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ጓድ ታምሩ ወደ ደምሴ ተጠጉ።

"ማን ታሞ?"

"እናቴ።"

ሌላ አልጠየቁም። ወደ እኔ ዞሩ። "ተሠርታለች?"

"ተሠርታለች።"

ጋሽ ወርቁ ጣልቃ ገቡ። "ጓድ፣ በእኔ ጋራዥ ፍሬን የሠራ ሰው ቁስቋም ወጥቶ ራሱ ነድቶ ይወርዳል። እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ።"

"ዛሬ እኔ እቀመጣለሁ" አሉ ጓድ ታምሩ። "ሹፌሩ ከኋላ።"

ወጣን። ከላይ መኪናዋን አዙሬ ስቆም ከተማዋ ከእግራችን ሥር ጭጋግ ለብሳለች። ካፊያ ጀምሯል። በልቤ ጸለይኩ፤ ከንፈሬን አላንቀሳቀስኩም።

ፍሬኑ እንዲግል ሆን ብዬ እግሬን ሳላነሣ ወረድኩ። ዘይት አንሶ ይሆን? አየር ገብቶ ይሆን? ወረቀቱ ዋሽቶ ይሆን? የጋለ ሸራ ሽታ ገባ። ጠዋት ፍሬኑ ጠፋ የተባለበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ግንቡ ላይ የመኪናዋ ጥቁር ቀለም ተፍቆ ቀርቶ ይታያል። ልክ እዚያ፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከጥጉ መንገዱን አቋርጠው ገቡ።

ባለኝ ኃይል ሁሉ ረገጥኩ።

ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። እንደ ሕያው ነገር እየተንገጫገጨ እግሬን መልሶ ገፋኝ። ያለቀልን መሰለኝ። ጎማው ግን አልተንሸራተተም። መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች ቀጥ ብላ ሄዳ ከመጨረሻዋ ሴት ጭነት ጫፍ አጠገብ ቆመች። ሴቲቱ ዞራ "ዓይን የለህም እንዴ!" ብላ ሰደበችኝና አለፈች። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ስድብ የለም። ያ መንቀጥቀጥ ያዝ ለቀቅ መሆኑ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ የተኛችው ነቅታ ኖሯል።

ያን ጊዜ ወደ ጎን አየሁ። የጓድ ታምሩ ፊት ድንጋይ ነው። የተወለወለው ቀኝ ጫማቸው ግን ፔዳል የሌለበትን ወለል እስኪጣመም ረግጦታል። ማየቴን አዩ። ቀስ ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ።

ታች ስንደርስ ወርደው ሲጋራ ለኮሱ፤ ክብሪቷ እጃቸው ላይ ሁለቴ ጠፋች።

"ቁልፉን አስረክብ" አሉት ደምሴን። "ከነገ ጀምሮ መጋዘን ትሠራለህ። መኪና አትነካም።" ወደ እኔ ዞሩ። "እኔ ስለ ጸበል የሰማሁት ነገር የለም። አንተስ?"

"እኔ ሰምቻለሁ ጓድ። ግን አልናገርም።"

አፈጠጡብኝ።

"በዚህ አፍህ እስከ ዛሬ እንዴት ኖርክ?" አሉና ሄዱ።

ለብዙ ሳምንታት የግቢያችን በር በተንኳኳ ቁጥር በመስኮት አጮልቄ ሳላይ አልከፍትም ነበር። የመጣብኝ ሰው የለም። ሰውዬው ለምን እንደተዉን አላውቅም፤ ደግነት ይሁን፣ ድካም ይሁን፣ እሳቸውም እናት ኖሯቸው ይሁን። ያላየሁትን አልመሰክርም። ያየሁት ጫማቸውን ብቻ ነው። የደምሴ እናት መስቀል ሳይደርስ አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ ቆሜ ከደምሴ ጋር አለቀስኩ።

እንግዲህ ቅዳሜ ለናሆም ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ክሪክ አምጣ አልኩት። ከኋላ ጎማ ላይ ጭቃ የበላትን የማግኔት ሽቦ አገኘን፤ ቆርጠን ቀጠልናት፤ መብራቷ ጠፋች። እሱ በቃ ብሎ እጁን ሊታጠብ ሲነሣ "ገና ነው፤ ቁስቋም እንወጣለን" አልኩት።

"ለምን?"

"ቁልቁለቱን ልትወርድ። እኔ ከጎንህ እቀመጣለሁ።"

ልጆቼ አባታችን ፈሪ ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ሰዎች ካልፈሩት ነገር መሀል ስንቱ እንደገደላቸው ስለማውቅ ነው። ፍርሃት እጅ ካላስቸኮለ፣ አፍም ካላስዋሸ፣ ጥሩ የሥራ ባልደረባ ነው።

መንገዱ ካፊያ ነክቶት ነበር። ግንቡ በነበረበት ቦታ ላይ "አሁን በኃይል ርገጥ" አልኩት። ረገጠ።

"አባዬ፣ ተንቀጠቀጠ!"

"ይንቀጥቀጥ፤ እየሠራ ነው።"

መኪናዋ ቆመች። ናሆም ወደ እኔ ዞረ፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ፤ ሳቁ መጣ።

"አባዬ፣ አንተ ጋ እኮ ፔዳል የለም።"

"አውቃለሁ" አልኩት። "ንዳ።"

እግሬን ግን ታች እስክንደርስ አላነሣሁም።